የእማዬ ትከሻ፦ ከሐምሌ ገብርኤል እስከ ገና

እማዬ የወደቀችው ሐምሌ 19 ቀን 2016 ዓ.ም ነው። የገብርኤል ዕለት፣ ዓርብ። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ነበር ያደረው። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ በራችን ጋ ለመድረስ ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀራት፣ ኮብልስቶኑ አዳለጣት። በቀኝ እጇ ጃንጥላ፣ በግራዋ የጸሎት መጽሐፏን ይዛ ነበር። መጽሐፉ ጭቃ እንዳይነካው ብላ ግራዋን ከፍ አደረገች፤ መላው ክብደቷ በቀኝ ትከሻዋ ላይ አረፈ።

ጎረቤት ደግፎ አስገባት። "ምንም አልሆንኩም፣ ገብርኤል አትርፎኛል" እያለች ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ቀኝ እጇን ግን በግራዋ አቅፋዋለች፣ ልክ የተኛ ሕፃን እንደያዘ ሰው። ሻይ ሰጠኋት። ለመቀበል እጇን ትንሽ ዘርጋ ስታደርግ ፊቷ አመድ መሰለ።

እናቴ 62 ዓመቷ ነው። የደም ግፊት አላት፣ ኪኒን ትወስዳለች፣ ከዚያ ውጪ ጤነኛ ናት። እንጀራ ራሷ ነው የምትጋግረው። ስለ ትከሻዋ ይህን ሁሉ የምጽፈው በዚህ አንድ ዓመት ውስጥ እናቱ ወይም አባቱ ወድቀው ትከሻቸው የተሰበረ ስንት ሰው እንደጠየቀኝ ስለማውቅ ነው። ጥሩ የሠራነውንም ያበላሸነውንም ሳልደብቅ እናገራለሁ። ትልቁን ጥፋት ያጠፋነው ስለሳሳንላት ነው፣ እሱን በቦታው እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ጥሩ ነገር ቀለበቷን ማውጣት ነው። ሐሳቡ የኔ አልነበረም፣ ጎረቤታችን ናቸው "ልጄ፣ ሳያብጥ ቶሎ አውጪው" ያሉኝ። በሳሙና አሽተን አወጣነው። ማታ ላይ ጣቶቿ እንደ ቋሊማ አብጠው ነበር። ቀለበቱ እዚያ ቢቀር ኖሮ ወይ በመቁረጫ ይወጣል፣ ወይ ጣቷን ይጎዳል።

ወደ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ወሰድናት። ወረፋው ረጅም ነበር፣ እሱን እተወዋለሁ። ሐኪሙ ወጣት ነው። ከራጁ በፊት ትከሻዋ ላይ፣ ወታደር ማዕረጉን የሚለጥፍበት ቦታ አካባቢ፣ በጣቱ በቀስታ እየነካ "ይሰማዎታል እናቴ? ከግራው ጋር እኩል ነው?" ብሎ ጠየቃት። ጣቶቿን እንድታንቀሳቅስ አደረጋት፣ የእጇን ትርታ ያዘ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው በትከሻው ሥር ተጠምዝዞ የሚያልፍ ነርቭ አለ፣ ስብራቱ ወይም ውልቃቱ እሱን ሊጎዳው ይችላል፣ ሲጎዳ ያ ቦታ ይደነዝዛል አለኝ። የእማዬ ደህና ነበር።

ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አሳየኝ። የክንድ አጥንት ጫፉ ክብ ነው። ከክቡ ራስ ሥር አንገት አለው። የሷ የተሰበረው እዚያ ጋ ነው። "ተሰብሯል፣ ግን ብዙም ከቦታው አልሄደም" አለ። ትከሻ ምን ዓይነት መገጣጠሚያ እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። ጀበና ማቶቱ ላይ ሲቀመጥ አስቡት። ክቡ ቂጥ ትልቅ ነው፣ ማቶቱ ትንሽ ነው፣ የሚነካው ጥቂቱ ብቻ ነው። የክንዳችን ራስም የተቀመጠው እንደዚያ ነው። ቦታውን አስጠብቆ የሚይዘው ዙሪያውን ያለው ጡንቻ፣ ጅማትና ስስ ከረጢት ነው። ለዚህ ነው ትከሻ ወደፈለገው አቅጣጫ የሚዞረው፣ ለዚህም ነው ሲጎዳ እንዲህ የሚያስቸግረው።

በማንጠልጠያ አሰሩላት፣ የማስታገሻ ኪኒን ጻፉ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ አሉን። በቃ።

ጠያቂው ቤታችንን የሞላው በማግስቱ ነው። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነበር፦ "ጀሶ የለም እንዴ?" ጀሶ ያልተደረገለት ስብራት ለሰው ያልታከመ ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር። ጀሶ አጥንቱን አጥብቆ እንዲይዝ ከስብራቱ በላይም በታችም መያዝ አለበት፤ ትከሻ ላይ ደግሞ ከበላዩ የሚያዝ ነገር የለም። እንዲህ ያለ ስብራት ላይ የክንዱ የራሱ ክብደት ወደ ታች እየሳበ አጥንቱን ያቃናዋል። ስለዚህ ክርኗን በትራስ ወደ ላይ መግፋት አልነበረብንም፤ እኛ ግን ሁለት ቀን ሙሉ "እንዲያርፍላት" ብለን ስንገፋው ነበር።

ሁለተኛው ነገር ወጌሻ ነው። አጎቴ ቅዳሜ ማታ አንድ በዕድሜ የገፉ ወጌሻ ይዞ መጣ። እኔ ወጌሻን አልንቅም። በልጅነቴ የተጠማዘዘ ቁርጭምጭሚቴን ያሹኝ ወጌሻ ናቸው። ግን ራጅ ላይ የታየ ትኩስ ስብራት ሲታሽ ያልተንቀሳቀሰው አጥንት ይንቀሳቀሳል፤ በሽመልና በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ደግሞ ደም ይቆማል፣ እጅ ይጠቁራል፣ ይሞታል። በሀገራችን ሆስፒታሎች በዚህ ምክንያት እጃቸው ወይም እግራቸው የተቆረጠ ሰዎች፣ በተለይ ልጆች፣ ብዙ ናቸው። ለአጎቴ በአክብሮት "ጋሼ፣ አጥንቱ እስኪይዝ ማንም አይነካትም" አልኩት። ፊቱ ትንሽ ከበደ። ራጁን ለወጌሻው አሳየኋቸው፣ ረጅም ጊዜ አዩት፣ ከዚያ ቡና ጠጥተው፣ መርቀው ሄዱ።

ሦስተኛው ነገር የወንድሜ ነው። ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። ራጁን በቴሌግራም ላክሁለት። በደቂቃ ውስጥ ደወለ። "ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል፣ ብሎን ያስገቡላት፣ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ።" እናቱን ከሩቅ እያሰበ የሚናገር ሰው ነው፣ አልፈርድበትም። እዚያ ያሉ የሚያውቃቸውን ሐኪም አማክሮ ከሁለት ቀን በኋላ ሲደውል ድምፁ ረጋ ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት እንዳለ ነገሩት። እዚሁ ቦታ ላይ ተሰብረው አጥንታቸው ከቦታው የሄደ 250 ሰዎችን በዕጣ ከፍለው ለግማሹ ቀዶ ጥገና፣ ለግማሹ ማንጠልጠያ ብቻ አደረጉላቸው። ሁለት ዓመት ሲከታተሏቸው በእጃቸው አገልግሎት ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። የእማዬ ደግሞ ከነዚያም የቀለለ ነው። ክቡ ራስ ከማቶቱ ወጥቶ የተሰበረ ከሆነ፣ ወይም አጥንቱ ቆዳ ቀዶ ከወጣ፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ሌሊቱ። ማንም ያልነገረን ነገር ሌሊት ነው። ቀን ቀን ሰው ይመጣል፣ ይወራል፣ ህመሙ ይረሳል። ሌሊት ሲሆን በጀርባዋ ስትተኛ ክርኗ ወደ ፍራሹ ይሰምጣል፣ የተሰበረው ቦታ ይከፈታል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሌሊቶች አልተኛችም። በአራተኛው ቀን ከሶፋው ላይ ሦስት ትራስ አምጥቼ ከጀርባዋ ደረደርኩ፣ ግማሽ ቁጭ ግማሽ ጋደም አደረግኳት፣ አንዲት ትንሽ ትራስ ደግሞ ከክርኗ ጀርባ አስገባሁ፣ ክንዷ ወደ ኋላ እንዳይወድቅ። አራት ሰዓት ሙሉ ተኛች። እኔ ከአልጋዋ ሥር መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፌ ነበር፣ እና ስታንኮራፋ ስሰማ አለቀስኩ። አምስት ሳምንት እንደዚያ ነው የተኛችው።

ኪኒኑ ላይ ሁለት ነገር ተማርኩ። እማዬ "ካልባሰብኝ አልወስድም" ትላለች። ህመሙ ከናረ በኋላ የተወሰደ ፓራሲታሞል ብዙ አይረዳም። ሐኪሙ እንዳዘዘላት 500 ሚሊግራሙን ሁለት ሁለት አድርገን በየስድስት ሰዓቱ፣ በቀን ከስምንት ፍሬ ሳያልፍ፣ በሰዓቱ መስጠት ስንጀምር ነው ለውጥ ያየነው። (ሰውነቱ ለቀለለ ወይም ጉበቱ ለታመመ ሰው መጠኑ ያንሳል፣ ስለዚህ ጠይቁ።) የማታዋን ልክ ልትተኛ ስትል ሰጠናት። ሁለተኛው ዲክሎፌናክ ነው። ሰፈር ውስጥ ሁሉም ቤት አለ። አንዷ "ይሄ ነው ፍቱኑ" ብላ ይዛ መጣች። እማዬ ግን ለግፊቷ ኢናላፕሪል ትወስዳለች። ዲክሎፌናክ ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ከእንዲህ ያለ የግፊት ኪኒን ጋር ደግሞ ኩላሊት ላይ ይጫናል። የፋርማሲው ልጅ ነው ያስቆመኝ፣ እግዜር ይስጠው።

በአምስተኛው ቀን ልብሷን ስቀይርላት ጮህኩ። ከትከሻዋ እስከ ክርኗ፣ ጎኗም ጭምር፣ ጠቁሯል። ሐምራዊ፣ ጥቁር፣ ዳር ዳሩ ቢጫ። እጇ የሞተ መሰለኝ። ጣቶቿን ነካሁ፣ ይሞቃሉ፣ ይንቀሳቀሳሉ። ሐኪሙ ጋ ስንደውል፣ ስብራቱ ላይ የፈሰሰው ደም በቆዳ ሥር ወደ ታች እየወረደ ነው፣ በዚህ ስብራት የተለመደ ነው፣ በሁለት ሦስት ሳምንት ይጠፋል አለን። እንዳለው ሆነ። የሚያስፈራው ጣት ሲቀዘቅዝ፣ ሲገረጣ፣ ሲደነዝዝ ነው።

ልብስ ማልበስ ጥበብ አለው። የታመመው እጅ መጀመሪያ ይገባል፣ መጨረሻ ይወጣል። ይህን ስናውቅ ግማሹ ጩኸት ቀረ። ሁለት ሰፋፊ ቀሚሶቿን ሰፈራችን ላለው ልብስ ሰፊ ወሰድኩለትና ከቀኝ አንገት እስከ እጅጌው ጫፍ ድረስ ስፌቱን ፈቶ አዝራር አደረገበት። በ10 ሳንቲም የማይቆጠር ሥራ ነው፣ ግን ለኛ ትልቅ ነገር ነበር። ብብቷን ለማጠብ ደግሞ ወደ ፊት ጎንበስ ትላለች፣ በግራዋ ወንበር ትይዛለች፣ ክንዷ በራሱ ክብደት ሲንጠለጠል ከሥሩ ክፍተት ይፈጠራል፣ በዚያ በእርጥብ ፎጣ መጥረግ፣ ከዚያ በደንብ ማድረቅ። ካልደረቀ ቆዳው ይቆስላል።

የምግቡ ነገር ከሁሉም ከበደ። እማዬ በግራ እጅ አትበላም። ማንኪያ ስንሰጣት አንድ ሁለቴ ሞክራ ተወችው። ስለዚህ ማጉረስ ሆነ። መጀመሪያ ደስ ይል ነበር፣ በልጅነቴ ያጎረሰችኝን እየመለስኩ መሰለኝ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ጉርሻዬን ስዘረጋ አፏን አልከፈተችም። "ሰው እጅ ላይ ወደቅኩ" አለችኝ። ድምፅዋን አልረሳውም። ያን ቀን ነው ህመሙ ትከሻዋ ላይ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ። ከዚያ ወዲያ ትሪውን መደርደሪያ ላይ አድርገን ደረቷ አጠገብ አቀረብንላት። ክርኗን ከጎኗ ሳትለይ በቀኝ ጣቶቿ ቆርሳ፣ አንገቷን ጎንበስ አድርጋ መብላት ቻለች። ቀስ ያለ ነው፣ ይንጠባጠባል፣ ግን ራሷ ነው የምትበላው።

ፍልሰታም ገባች። ነሐሴ 1 ማለት ከወደቀች በ12ኛው ቀን። እማዬ ፍልሰታን ገድፋ አታውቅም። እንቁላልና ወተት ለአጥንት ያስፈልጋል ብንላት አልሰማች አለች። የንስሐ አባቷ ራሳቸው መጥተው "ሕመምተኛ ነሽ፣ ኪኒንሽንም በባዶ ሆድ አትውሰጂ" ሲሏት ነው ጠዋት መብላት የጀመረችው። ወተቱን ግን እምቢ አለች፣ አላስገደድናትም። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን አበዛንላት። ጤፍ ራሱ ካልሲየም አለው። ጾምን ከሕክምና ጋር እያጣሉ ወላጅን ማስጨነቅ አይጠቅምም፣ ከአባት ጋር ተነጋግሮ መፍትሔ ማምጣት ይሻላል።

አሁን ወደ ጥፋታችን።

በሁለተኛው ሳምንት ቀጠሮ ላይ ራጁ ጥሩ ነው፣ ፊዚዮቴራፒ ጀምሩ ተብሎ ወረቀት ተጻፈልን። ወረፋው ለመስከረም፣ ከበዓል በኋላ ደረሰ። እስከዚያ ምን እናድርግ ብዬ አልጠየቅኩም፣ የነገረኝም የለም። ማንጠልጠያውን መቼ እናውልቅ ብዬም አልጠየቅኩም። ቤት ገብተን "እንዳትነኪው፣ እንዳታንቀሳቅሺው፣ ተቀመጪ" ማለት ቀጠልን። ብርጭቆ ልታነሳ ስትል ሦስት ሰው ይሮጣል። ሻሿን እኛ እናስራለን፣ ፀጉሯን እህቴ ትሠራለች፣ ጣቶቿን እንኳ ስታንቀሳቅስ "ኧረ ተይ!" እንላለን። የእኛ ቤት ፍቅር እንደዚህ ነው የሚገለጸው፣ የብዙው ሰው ቤትም እንደዚያው ይመስለኛል። በማንጠልጠያ ሦስት ሳምንት ገደማ መቆየት የነበረበት ክንድ ሰባት ሳምንት ተንጠለጠለ።

መስከረም 1 ቀን 2017 ጠዋት። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ቤቱ በዕጣን ታጥኗል። እማዬ ማንጠልጠያውን ራሷ አወለቀች፣ ለአዲስ ዓመት ብላ። ልታማትብ ቀኝ እጇን አነሳች። ደረቷ ላይ ሲደርስ ቆመ። እንደገና ሞከረች። ክንዷ ብቻውን አይነሳም፣ ትከሻዋ ከነሙሉ ጀርባዋ ወደ ጆሮዋ ይወጣል እንጂ። ከዚያ ግንባሯን ዝቅ አድርጋ ወደ ጣቶቿ ወሰደችው። እንደዚያ አማተበች። እኔ በሩ ጋ ቆሜ አየኋት። አጥንቷ ድኗል፣ ትከሻዋ ግን ደርቋል። ያደረቅነው ደግሞ እኛ ነን።

የሆስፒታሉን ቀን አልጠበቅንም። በዚያው ሳምንት አንዲት ፊዚዮቴራፒስት የግል ክሊኒክ ውስጥ አገኘን። ገና ስንገባ እማዬ መልሳ ያጠለቀችውን ማንጠልጠያ አይታ "እማማ፣ ይሄ እስካሁን ምን ያደርጋል?" አለች። በማዕዘን መለኪያ ለካቻት። ክንዷን ወደ ፊት የምታነሳው 55 ዲግሪ ነው። ጤነኛ ትከሻ 160 እና ከዚያ በላይ ይሄዳል። ክርኗን ጎኗ ላይ አጣብቃ መዳፏን ወደ ውጪ ስታዞር ደግሞ ምንም አይሄድም። ያቺ ትከሻውን የያዘችው ስስ ከረጢት ሳትንቀሳቀስ ስትቆይ ተኮማትራለች፣ ተጣብቃለች።

የመጀመሪያው ስፖርት ቀላል ነው። ጎንበስ ብሎ በግራ እጅ ጠረጴዛ መደገፍ፣ ቀኙን እንደ ገመድ መልቀቅ፣ ከዚያ በወገብ እንቅስቃሴ ክንዱን ማወዛወዝና ክብ ማሠራት። ልጅቷ "ክብ ይሥሩ" ስትላት እማዬ ግራ ገባት፣ ክንዷን አደነደነችው። እኔ "እማዬ፣ ሊጥ ምጣድ ላይ ስታዞሪ" አልኳት። ወዲያው ገባት። ከዳር ጀምራ ወደ መሐል፣ እየጠበበች፣ ልክ እንደ እንጀራ። ልጅቷ ሳቀች፣ "በቃ፣ በቀን አምስት ጊዜ አሥር አሥር እንጀራ ይጋግሩ" አለቻት። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የዚያ ስፖርት ስም "ጋገርሽ?" ሆነ።

ከሁሉ በላይ የጠቀመን ስለ ህመም የነገረችን ነው። ህመም ሁሉ ጉዳት አይደለም። ህመሙን ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር ስጪው አለቻት። ስትሠራ እስከ አራት አምስት ቢደርስ ችግር የለውም፣ ከሠራሽ በኋላ በሰዓት ውስጥ ወደ ነበረበት ከተመለሰ። ሌሊቱን ሳያስተኛሽ ካደረ በማግስቱ ቀንሺ፣ ግን አትተይ። እማዬ እስከዚያ ቀን ድረስ እያንዳንዱን ህመም አጥንቱ እንደገና እንደተሰበረ ነበር የምትቆጥረው። እኛም። ቁጥሩ መፍራታችንን ቀነሰልን። እኔ "አመመሽ?" ማለት ተውኩ፣ "ስንት ነው?" ማለት ጀመርኩ። "ሦስት" ትለኛለች፣ እቀጥላለን።

ከስፖርቱ በፊት በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ አሥራ አምስት ደቂቃ ትከሻዋ ላይ እናደርጋለን። ከዚያ ጋገረች። ከዚያ በጀርባዋ ተኝታ የመጥረጊያ እንጨት በሁለት እጇ ትይዝና ግራው ቀኙን እየገፋ ወደ ላይ ይወስደዋል። ከዚያ ግድግዳ። የማዕድ ቤቱ ግድግዳ ፊት ትቆምና ጣቶቿን እንደ ሸረሪት እያስኬደች ወደ ላይ ትወጣለች። የደረሰችበት ቦታ ላይ በእርሳስ እሰምርና ቀኑን እጽፋለሁ። የመጀመሪያዋ መስመር ከመብራት ማብሪያው በታች ነች። በመስቀል ዕለት ማብሪያውን አለፈች፣ መብራቱንም በቀኝ እጇ አጠፋችው። ተመልሳ አበራችው። ተመልሳ አጠፋችው።

ሁልጊዜ ወደ ላይ ብቻ አልሄደም። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ማንም ሳያያት ውሃ የሞላ ድስት አነሳች። ሌሊቱን ህመሟ ከአሥር ስምንት ላይ አደረ። ለአራት ቀን መስመሩ ወደ ታች ወረደ። "አይ፣ እኔ አበቃልኝ" ብላ አልጋ ላይ ዋለች፣ ስፖርቱን ተወች፣ የወንድሜንም ስልክ አላነሳችም። እህቴ እንደገና ማንጠልጠያውን ፈልጋ ይዛ መጣች። ያን ቀን ማንጠልጠያውን ወስጄ ለጎረቤት ሰጠሁት፣ ቤት ውስጥ እንዳይኖር። ፊዚዮቴራፒስቷ አየቻት፣ አዲስ የተሰበረ ነገር የለም፣ ጡንቻው ገና ሳይጠነክር ብዙ ስለተጫነ ነው አለች። ሸክም የሚጀመረው ከሦስተኛው ወር ወዲህ፣ ያውም በትንሹ ነው። በሱ ፈንታ ለመሥራት የምትፈልገውን እንድትመርጥ ጠየቀቻት። እማዬ አላሰበችም፦ "እንጀራ"።

ስለዚህ እንጀራን ቆራረስነው። መጀመሪያ ሊጡን መጥለቅ ብቻ፣ በግማሽ ጭልፋ። ከዚያ የምጣዱን ክዳን ማንሳት፣ ባዶውን፣ ምጣዱ ሳይሞቅ። ከዚያ በጆግ ውሃ ይዛ ቀዝቃዛ ምጣድ ላይ ማዞር። ውሃ ስታዞር ሲያያት የነበረ የጎረቤት ልጅ "እትዬ ምን እየጋገሩ ነው?" ብሎ ጠየቃት፣ እሷም በቁም ነገር "ትከሻዬን" አለችው። ሥራውንም ለቀቅንላት። መሮጥ አቆምን። ሻሿን ለማሰር ሩብ ሰዓት ቢፈጅባትም ቆመን ማየትን ተለማመድን፣ እና እውነቱን ለመናገር ከማጉረሱ ይልቅ ይህ ነበር የከበደኝ። በታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ስትለካ 115 ዲግሪ ደርሳለች።

የገና ዋዜማ፣ ታኅሣሥ 28። እማዬ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ተነስታ ምጣዱን ለኮሰች። እኔ ስነቃ ሦስተኛው ላይ ናት። የመጀመሪያው አንድ ጎኑ ወፍሯል፣ የሁለተኛው ዳሩ ተቆርጧል። ሦስተኛውን ስታዞር አየኋት። ክንዷ የሚደርሰው ከምጣዱ ወዲያኛው ጠርዝ ትንሽ ወዲህ ነው፣ ስለዚህ ከወገቧ ዘንበል እያለች ነው የምትሞላው። ዓይኑ ጥርት ብሎ ወጣ። ስምንት ጋገረችና "ስንት ነው?" ስላት "አምስት፣ ግን ደግ አምስት" አለችኝ። ቀሪውን እህቴ ጨረሰች። በበዓሉ ጠረጴዛ ላይ እነዚያ ስምንቱ ከላይ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀስ ያለ ነው። አንድ የአጥንት ሐኪም ሲያያት ዋናውን ጥያቄ ጠየቀ፦ ሰው ከቁመቱ ልክ ወድቆ ይህን ያህል የሚሰበረው ለምንድን ነው? ከ50 ዓመት በላይ የሆነች ሴት እንዲህ ስትሰበር አጥንቷ ሳስቶ ሊሆን ይችላል፣ ሊመረመር ይገባል። ተመረመረች፣ ሳስቷል። ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ እና በየሳምንቱ የምትወስደው ኪኒን አላት አሁን። የማያዳልጥ ጫማ ገዛንላት። የሌሊት መንገዷ ላይ የነበረውን ምንጣፍ አነሳን። ይህ ሁሉ ከመውደቋ በፊት ቢሆን ምንኛ ደስ ባለኝ፤ ስለዚህ እናታችሁ ገና ያልወደቀች ከሆነ ምንጣፉን ዛሬ አንሱት።

አሁን አንድ ዓመት ሆናት። ወደ ፊት 140 ዲግሪ ታነሳለች። ታማትባለች፣ ግንባሯ ሳይወርድ። ከጀርባዋ የሚታሰር ነገር አሁንም አይሆንላትም፣ ስለዚህ ሻሿን ከፊት አስራ ቋጠሮውን ወደ ኋላ ታዞረዋለች። ሲበርድ ትከሻዋ ያውቃል፣ ክረምቱ ሲገባ ከሬዲዮው በፊት ነገረችን። በቀኝ ጎኗ መተኛት የጀመረችው ገና በፋሲካ ሰሞን ነው።

ለፋሲካ ቤቱን ቀለም ስናስቀባ ቀቢውን ማዕድ ቤቱ በር ላይ አስቆመችው። ያቺን ግድግዳ አትነካም አለችው። የእርሳሱ መስመሮች እዚያው አሉ፣ ከማብሪያው በታች ጀምረው እስከ በርበሬ ዕቃው መደርደሪያ። የግራ እጇንም አንድ ቀን አስለክታኝ ሰምሬበታለሁ። የቀኙ ከግራው አራት ጣት ይቀረዋል። ጠዋት ጠዋት ጀበናውን ከመጣዷ በፊት አሁንም ጎንበስ ብላ ጠረጴዛውን ትደገፍና አሥሯን ትጋግራለች።